ጸሎት የተሳለበት ብራና፦ የኋለኛው መካከለኛ ዘመን የጀርመን ሥዕላዊ መጻሕፍት

በ1953 በሰሜን ጀርመን፣ ቪንሃውዘን በሚባል የሴቶች ገዳም፣ የቅኔ ማኅሌቱን ወለል ለመጠገን ሳንቃው ተነሣ። ከሥሩ መነኮሳይቱ ባለፉት ዘመናት የጣሏቸውና የጠፉባቸው ነገሮች ተከማችተው ተገኙ። ቢላዋ ነበር፤ በሰም የተሞላ የጽሕፈት ሰሌዳ ነበር፤ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ክንድ የሌለው፣ አፍንጫ ላይ ብቻ የሚቀመጥ መነጽር ነበር። መነጽሮቹ እስከ ዛሬ ከተረፉት ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ይቆጠራሉ። ከእነርሱ ጋር ከመዳፍ የማይበልጡ፣ ክርስቶስን፣ ማርያምንና ቅዱሳንን የሚያሳዩ ትንንሽ ሥዕሎች ተገኙ። በጸሎት ሰዓት ከእጅ ወይም ከመጽሐፍ መካከል እየወደቁ በሳንቃው ስንጥቅ እንደገቡ ይታመናል።

ስለ መካከለኛው ዘመን የጀርመን ሥዕላዊ መጻሕፍት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ለንጉሥና ለሊቀ ጳጳስ የተሠሩ፣ ወርቅ የፈሰሰባቸው ጥራዞች ናቸው። ለእኔ ግን የተሻለው መነሻ ይህ የቪንሃውዘን ወለል ነው። መጻሕፍቱ የዕለት ተዕለት የእጅ ዕቃ ነበሩ። ይነበቡ፣ ይዘመርባቸው፣ ይሳሙ ነበር። ሥዕሉ ጽሑፉን ለማሳመር የተለጠፈ ሳይሆን ጸሎቱ የሚከናወንበት አንዱ መንገድ ነበር። ዛሬ በሙዚየም መስታወት ውስጥ አንድ ገጻቸው ብቻ ተከፍቶ ስናያቸው የሚሰወርብን ይኸው አገልግሎታቸው ነው። እንዴት እንደተሠሩ፣ እነማን እንደሠሯቸውና ሥዕሎቹ ምን ያደርጉ እንደነበር በተራ ላስረዳ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምንነጋገርበት ዘመን ከ1300 ገደማ እስከ 1520ዎቹ ያለው ነው። ያን ጊዜ ጀርመን የሚባል አንድ አገር አልነበረም። ቅዱስ የሮማ መንግሥት በሚባለው ሰፊ ግዛት ውስጥ መሳፍንት፣ ርስት ያላቸው ጳጳሳትና ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ከተሞች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ኑረምበርግ፣ ሬገንስቡርግ፣ አውግስቡርግ፣ ኮሎኝና ማይንትስ ብቻ ሳይሆኑ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ያለችው ስትራስቡርግና የቼክ ዋና ከተማ የሆነችው ፕራግም የዚሁ ግዛት ከተሞች ነበሩ። ፈረንሳይ ፓሪስን የመሰለ ታላቅ የመጽሐፍ ማእከል ነበራት። እዚህ ግን እያንዳንዱ ከተማ፣ አንዳንዴም እያንዳንዱ ገዳም የራሱ የአሣሣል ልማድ ነበረው። የጀርመን መጻሕፍት ከፈረንሳይና በአብዛኛው በዛሬዋ ቤልጂየም ከሚገኘው ከፍላንደርስ ያነሰ ዝና ያገኙት በጥራት ስለሚያንሱ ነው ብዬ አላምንም፤ በአንድ ስም ጠቅልሎ ለመጥራት ስለሚያስቸግሩ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከከብት በረት ነው። የጥጃ፣ የበግ ወይም የፍየል ቆዳ በኖራ ውሃ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ ጠጉሩና ትርፍ ሥጋው ይነሣል፤ ከዚያ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ባለው ቢላ ይፋቃል። በአገራችን ገዳማት ብራና ሲፋቅ ያየ ሰው ከኖራው በቀር ብዙ እንግዳ ነገር አይገጥመውም። ትልቅ መጽሐፍ ብዙ ከብት ይፈጃል። በአውሮፓ የኅትመትን ሥራ የጀመረው ጉተንበርግ በብራና ያተመው አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ 170 የሚጠጋ የጥጃ ቆዳ እንደወሰደ ይገመታል፤ በእጅ የሚጻፍ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የተፋቀው ብራና ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ በቀጭን ወስፌ ዳር ዳሩ እየተበሳ መስመር ይሰመርበታል። ጥቁሩ ቀለም የሚዘጋጀው ነፍሳት ሲወጉት በባሉጥ ዛፍ ላይ ከሚያብጠው እንክብል፣ ከብረት ጨውና ከግራር ሙጫ ነው። መጻፊያው የዝይ ላባ ነው። ጸሐፊው ለሥዕልና ለትልልቅ መነሻ ፊደላት የሚሆነውን ቦታ ባዶ ትቶ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም ሠዓሊው እንዳይሳሳት የምትገባውን ፊደል ኅዳጉ ላይ በትንሹ ይጽፋታል። ቀጥሎ አርእስቱና የሥርዓት መመሪያዎቹ በቀይ ይገባሉ። የሥዕሉ ተራ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሠዓሊው መጀመሪያ ንድፉን ያወጣል። ወርቅ የሚያርፍበትን ቦታ ከጠመኔ ዱቄትና ከሙጫ በተሠራ ልባጥ በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል፤ ልባጡ ላይ ተንፍሶ ያረጥበውና እጅግ ስስ የሆነውን የወርቅ ቅጠል ያሳርፍበታል። ሲደርቅ በውሻ ጥርስ ወይም በለሰለሰ ድንጋይ እስኪያንጸባርቅ ይፈትገዋል። ወርቁ ከቀለሙ የሚቀድምበት ምክንያት አለው፤ ቀለሙ ቀድሞ ቢገባ ኖሮ የወርቁ ብናኝ ይጣበቅበት፣ ፍትጊያውም ያበላሸው ነበር። ሕብሩ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ደማቁ ቀይ ከሜርኩሪና ከድኝ፣ አረንጓዴው ከመዳብ ዝገት ይገኛል። ሰማያዊ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በጀርመን ምድርና በአጎራባቹ ከሚቆፈር አዙራይት ከሚባል የመዳብ ማዕድን የሚሠራው ነው። ሁለተኛውና ውዱ በዛሬዋ አፍጋኒስታን ባዳክሻን ከሚገኘው ላፒስ ላዙሊ ከሚባል ድንጋይ የሚወጣው ነው። ያ ድንጋይ የእስያን መንገድ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ወደ ጀርመን ገዳማት ይደርስ ነበር።

መድረሱን ያረጋገጠው አንዱ ማስረጃ የሰው ጥርስ ነው። ዳልሃይም በሚባል የምዕራብ ጀርመን የሴቶች ገዳም ከተቀበሩት የአንዲቱ ሴት ጥርስ ሲመረመር በጥርሷ ላይ በደረቀው ቆሻሻ ውስጥ የላፒስ ላዙሊ ብናኝ ተገኘ። ግኝቱ የታተመው በ2019 ነው። ሴትዮዋ የኖረችው ከምንነጋገርበት ዘመን ቀደም ብሎ፣ በ11ኛው ወይም በ12ኛው መቶ ዓመት ነው። ተመራማሪዎቹ ይበልጥ የሚያሳምን ያሉት ምክንያት የብሩሿን ጫፍ በከንፈሯ እያሾለች ትሥል ነበር የሚለው ነው። ስሟ አልተጻፈም፤ የሠራችው መጽሐፍም አልተገኘም። ያን ያህል ውድ ቀለም በእጇ የገባ መሆኑ ብቻ ግን በገዳሟ የነበራትን ቦታ ይናገራል።

ሴቶቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጀርመንን መጻሕፍት ልዩ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነውና። በኦስናብሩክ የሚገኘው ኮዴክስ ጊስሌ ከ1300 ገደማ የመጣ የዝማሬ መጽሐፍ ነው። በውስጡ ያለ የላቲን ጽሑፍ ጊዘላ ፎን ከርሰንብሮክ የምትባል መነኩሲት እንደጻፈችው፣ እንደሣለችው፣ የዜማውን ምልክት እንዳስገባችበትና በወርቅ ፊደልና በውብ ሥዕል እንዳስጌጠችው ይመሰክራል። ሁሉን በአንድ እጅ ሠርታው ይሁን ብዙዎች አግዘዋት፣ ስሟ ገጹ ላይ አለ። በልደት ቀን ዝማሬ መነሻ ፊደል ውስጥ ከተወለደው ሕፃን በታች የመነኮሳይቱ ማኅበር ቆሞ ሲዘምር ይታያል፤ ከመካከላቸው በአንዷ ላይ ስሟ ተጽፏል። ይህ የዛሬ ሠዓሊ ሥራው ላይ እንደሚያኖረው ፊርማ ብቻ አይደለም። ያ ዝማሬ በየዓመቱ በተዘመረ ቁጥር ጊዘላ በሥዕሉ ውስጥ ሆና አብራ ትዘምራለች፤ እኅቶቿም ስሟን እያዩ ለነፍሷ ይጸልያሉ።

በ15ኛው መቶ ዓመት ነገሩ በስፋት አደገ። በተለይ ከ1414 እስከ 1418 ከተካሄደው የኮንስታንስ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በኋላ በጀርመን አገር የገዳማትን ሥርዓት ወደ ቀድሞ ጥብቅነቱ የመመለስ እንቅስቃሴ ተነሣ። መነኮሳይቱ ከቅጥራቸው እንዳይወጡ፣ የግል ንብረት እንዳይኖራቸው፣ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ዝም ብለው የሚነበበውን እንዲያዳምጡ ታዘዘ። ይህ ሁሉ መጽሐፍ ይጠይቃል። የኑረምበርጉ የቅድስት ካታሪና ገዳም፣ ዶሚኒካን የሚባለው የመነኮሳት ማኅበር የሴቶች ገዳም፣ በ1428 ይህን ሥርዓት ሲቀበል የመጽሐፍ ሥራው ጎረፈ። መቶ ዓመቱ ሲያልቅ የገዳሙ ጥራዞች 500 አልፈው ነበር፤ አብዛኞቹም በጀርመንኛ የተጻፉ ናቸው። ከመካከለኛው ዘመን ከታወቁት የጀርመንኛ መጻሕፍት ስብስቦች ሁሉ ትልቁ የዚህ የሴቶች ገዳም ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ከጥራዞቹ ብዙዎቹን የጻፉት እኅቶቹ ራሳቸው ናቸው። ኩኒጉንዳ ኒክላሲን ራሷ እየጻፈች የመጻሕፍቱን ዝርዝር አዘጋጀች፤ በዓመቱ በየትኛው ቀን በማዕድ ላይ ምን እንደሚነበብ የሚያሳይ መመሪያም ተሠራ። ማርጋሬታ ካርቶይዘሪን ትልልቆቹን የቅዳሴና የዝማሬ መጻሕፍት ስትጽፍ ባርባራ ጌቪሽትማኸሪን ትሥል ነበር። ከዚያ የወጡ እኅቶች ሌላ ገዳም ሄደው ሥርዓት ሲያስተካክሉም መጽሐፍ ይዘው ይሄዱ፣ እየተዋዋሱም ይገለብጡ ነበር።

የሥዕላቸው ዓይነት ለረጅም ጊዜ ሲናቅ ኖሯል። በፍራይቡርግና በስትራስቡርግ የቅድስት ክላራ ማኅበር መነኩሲት የነበረችው ሲቢላ ፎን ቦንዶርፍ የቅዱስ ፍራንቸስኮስንና የቅድስት ክላራን ገድል ሥላለች። ፊታቸው ክብ፣ ጉንጫቸው ቀይ፣ ልብሳቸው ደማቅ ነው፤ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ በጌጥ የተሞላ፣ ርቀትና ጥላ የሌለው ነው። የቀድሞ የሥነ ጥበብ ጸሐፊዎች ይህን ያልሠለጠነ የእጅ ሥራ ብለው አልፈውታል። መለኪያው የተሳሳተ ይመስለኛል። ሲቢላ የሣለችው አዳራሽ ውስጥ ለሚያደንቅ እንግዳ አልነበረም፤ የማኅበሯን መሥራች ሕይወት በየቀኑ ለምትከተል እኅት ነው። ሥዕሉ ግልጽ፣ ቅርብና ደስ የሚል መሆን ነበረበት፤ ነውም።

ሥዕሎቹ ምን ይሠሩ ነበር ወደሚለው እንምጣ። ቀላሉ ምሳሌ የቅዳሴ መጽሐፍ ነው። በላቲን ሥርዓት ኅብስቱና ወይኑ የሚባረክበት ዋናው ጸሎት የሚጀምረው ቲ በምትባለው የላቲን ፊደል ነው፤ ፊደሏም የመስቀል ቅርጽ አላት። ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምረው ያችን ፊደል ወደ መስቀል እየለወጡ ኖረው በኋላ ሙሉ ገጽ ያለው የስቅለት ሥዕል ከጸሎቱ ፊት ለፊት ማኖር ልማድ ሆነ። ካህኑ እዚያ ሲደርስ ሥዕሉን ይሳለማል። መሳሙ ግን የክርስቶስን እግር፣ አንዳንዴም ፊቱን እያጠፋ ስላስቸገረ ሠዓሊዎች መላ ዘየዱ፤ በገጹ ግርጌ ለመሳም ብቻ የሚሆን ትንሽ መስቀል ይሥሉ ጀመር። በብዙ መጻሕፍት ትንሹ መስቀል ተፍቆ ቀለሙ ሲለቅ ትልቁ ስቅለት ደምቆ ቆይቷል። ያ የለቀቀ ቀለም ብልሽት ተብሎ መታዘን ያለበት አይመስለኝም፤ መጽሐፉ የተሠራለትን ሥራ የሠራበት ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሃይንሪሽ ዞይዘ ነው። በ1366 በኡልም ከተማ ያረፈ የዶሚኒካን መነኩሴና መምህር ሲሆን የገዛ መጻሕፍቱን አስተካክሎ በአንድ ጥራዝ ሲያጠናቅር ሥዕልም እንዲገባበት አድርጓል። ካረፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1370 ገደማ የተገለበጠው ሥዕላዊ ቅጂ ዛሬ በስትራስቡርግ ይገኛል። ዞይዘ ያስተምር የነበረው እግዚአብሔር ከምስልና ከቃል ሁሉ በላይ መሆኑን ነው፤ ይሁንና ነፍስ ወደዚያ የምትደርሰው በምስል ምስልን እያስወጣች ነው ይላል። ከንቱውን የሐሳብ ምስል የሚያስለቅቀው ቅዱሱ ምስል ነው ማለቱ ነው። የኢየሱስን ስም የሚወክሉትን የላቲን ፊደላት በደረቱ ሥጋ ላይ በስለት እንደቀረጸ ገድሉ ይተርካል፤ ሥዕሉም ደረቱን ገልጦ ያሳየዋል። የመንፈስ ልጁ የነበረችው የቶስ ገዳም መነኩሲት ኤልስቤት ሽታግል ያንኑ ስም በቀይ ሐር በጨርቅ ላይ እየጠለፈች ለብዙ ሰው እንድትሰጥ አደረገች። በሥጋ የተጀመረው ምልክት ወደ ብራና፣ ከብራናም ወደ ጨርቅ ሄደ። ሥዕል ለእነዚህ ሰዎች ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በረከት እንደነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ሌላው የሥዕሉ ሥራ ማስተማር ነበር። ከደቡብ ጀርመንና ከኦስትሪያ ገዳማት የተስፋፋው የድሆች መጽሐፍ ቅዱስ የሚባለው ዓይነት በየገጹ መካከል አንድ የአዲስ ኪዳን ታሪክ፣ በግራና በቀኝ ሁለት የብሉይ ኪዳን ምሳሌዎች፣ በዙሪያው አራት ነቢያት ያስቀምጣል። ክርስቶስ በመቃብር ሲገባ፣ በአንድ ወገን ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል፣ በሌላው ዮናስ ሲዋጥ ይታያል። ትንሣኤው ጋ ሲደርስ ሶምሶን የከተማይቱን በር ተሸክሞ ይወጣል፤ ዮናስም ከዓሣው አፍ ይወጣል። ስሙ ድሆች ቢልም ጽሑፉ አጭርና የታመቀ ስለሆነ ያለ አስተማሪ የሚገባ አይደለም። ይጠቀሙበት የነበሩትም በአብዛኛው ካህናትና መነኮሳት ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ የምወዳቸው ግን በሉነቡርግ አቅራቢያ ካለው ከሜዲንገን ገዳም የወጡት ትንንሽ የጸሎት መጻሕፍት ናቸው። በ1479 ገዳሙ ሥርዓቱን ካደሰ በኋላ መነኮሳይቱ ለራሳቸውና ለከተማ ዘመዶቻቸው በእጅ የሚያዙ መጻሕፍት አብዝተው ጻፉ። ላቲኑና የሰሜኑ ጀርመንኛ በአንድ ገጽ ይፈራረቃሉ፤ ጸሎቱ መካከል የዜማ ምልክት ድንገት ይገባል፤ ኅዳጉ ላይ መላእክት፣ ነቢያት፣ መነኮሳይትና የከተማ ሰዎች ቃላቸው የተጻፈበት ጥቅልል ይዘው ቆመዋል። በፋሲካ ገጾች ላይ ምእመናኑ በጀርመንኛ ክርስቶስ ተነሣ እያሉ ሲዘምሩ መነኮሳይቱ በላቲን ይመልሳሉ። መጽሐፉን የያዘችው እኅት ብቻዋን ስትጸልይ እንኳ በኅዳጉ ሰማይና ምድር አብረዋት ይዘምራሉ ማለት ነው። ሥዕሉ እንደ ሬገንስቡርግ ወይም እንደ ፕራግ ሠዓሊዎች ሥራ የረቀቀ አይደለም፤ የበዓሉን ደስታ ግን ከማንም በላይ ይዞታል።

የረቀቀውንም ማለፍ አይገባም። የቦሄሚያ ንጉሥ የነበረው ቬንሰስላስ አራተኛ በ1390ዎቹ በፕራግ ያሠራው መጽሐፍ ቅዱስ ብሉይ ኪዳንን በጀርመንኛ የያዘ ሲሆን ከ600 በላይ ሥዕሎች አሉት፤ ሳይጠናቀቅ ቀርቶ ዛሬ ስድስት ጥራዝ ሆኖ በቪየና ይገኛል። ሉተር ከመወለዱ ብዙ አስቀድሞ መጽሐፍ ቅዱስ በጀርመንኛ ነበረ ለሚለው አንዱ ምስክር እርሱ ነው። የሬገንስቡርጉ በርትሆልድ ፉርትማይር ደግሞ ለሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ በአምስት ጥራዝ በሠራው የቅዳሴ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የማይረሳ ገጽ አለ። መካከል ላይ አንድ ዛፍ ቆሟል። በአንድ ወገን ሔዋን ከእባቡ አፍ የተቀበለችውን ፍሬ ለሰዎች ታድላለች፤ ከኋላቸው ሞት ቆሟል። በሌላው ወገን ማርያም ከዚያው ዛፍ ቅዱስ ቍርባኑን እየለቀመች ለተንበረከኩት ትሰጣለች። ቅጠሉ መካከል በሔዋን ወገን የራስ ቅል፣ በማርያም ወገን ስቅለት ተሰቅሏል። አንድ ረጅም ስብከት የሚጠይቀውን ነገር ካህኑ በአንድ እይታ ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ ውበት ሌላ ፊትም አለው። በብዙ የሕማማት ሥዕሎች አይሁድ የክርስቶስ አሠቃዮች ሆነው፣ ፊታቸው ተጣሞ፣ ሾጣጣ ባርኔጣ ደፍተው ይሣላሉ። ያንን ሥዕል እያየ የሚጸልየው ሰው ጎረቤቱን የሚያይበት ዓይን አብሮ ይቀረጽ ነበር። ኑረምበርግ አይሁዶቿን በ1499፣ ሬገንስቡርግ በ1519 አባረረች። የንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያንን የጸሎት መጽሐፍ ኅዳጎች ከሠዓሊዎቹ ከዱረርና ከክራናኽ ጋር ካስጌጡት አንዱ አልብሬኽት አልትዶርፈር ያን ጊዜ የሬገንስቡርግ ምክር ቤት አባል ነበር፤ ምኵራቡ ከመፍረሱ በፊትም ውስጡን ሥሎታል። የራሳቸው የአይሁዶቹ ሥዕላዊ መጻሕፍትም የዚሁ የጀርመን ባህል ክፍል ናቸው። በ1300 ገደማ በደቡብ ጀርመን የተሠራው የፋሲካ ሥርዓት መጽሐፍ ዛሬ በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም አለ፤ በውስጡ ያሉት አብዛኞቹ ሰዎች የወፍ ራስ ተደርጎላቸዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት ከኮሎኝ አካባቢ የመጣው ዮኤል ቤን ስምዖን በጀርመንና በጣሊያን እየተዘዋወረ ተመሳሳይ የፋሲካ መጻሕፍት ጽፏል፣ ሥሏልም። ከስደቱ በኋላ የብዙ ዕብራይስጥ መጻሕፍት ብራና ተቆርጦ የሌላ መጽሐፍ መሸፈኛ ሆኗል።

መጽሐፍ ከገዳምና ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ተራው ባለጸጋ ቤት የገባው በወረቀት ነው። በ1390 ኡልማን ሽትሮመር በኑረምበርግ የወረቀት ወፍጮ አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ በጀርመን ምድር ወረቀት እየረከሰ ሄደ። ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለው በአልዛስ፣ ሃገናው ከተማ ዲቦልድ ላውበር የተባለ ጸሐፊ ከ1420ዎቹ እስከ 1460ዎቹ የሠራ ትልቅ የመጽሐፍ ቤት ነበረው። ብዙ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ተከፋፍለው ይሠሩለት ነበር። ሥዕሉ በብዕር ተነድፎ በቀላል የውሃ ቀለም የተሞላ ነው፤ ወርቅ የለውም። በመጻሕፍቱ ውስጥ የሚሸጣቸውን ሥራዎች እየዘረዘረ፣ ትልቅም ትንሽም፣ መንፈሳዊም ዓለማዊም መጽሐፍ በሥዕል አስጊጦ እንደሚያቀርብ ያስታውቅ ነበር። ከቤቱ ከወጡት ወደ 80 የሚጠጉ መጻሕፍት ተርፈዋል።

የኅትመት መምጣት ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት የእጅ ሥራውን በአንድ ቀን አልገደለውም። ትልቁ የማይንትስ መጽሐፍ ቅዱስ የሚባለውን አንድ ጸሐፊ በሚያዝያ 1452 ጀምሮ በሐምሌ 1453 በእጁ ፈጸመው፤ በዚያው ወቅት ጉተንበርግ እዚያው ማይንትስ ውስጥ ፊደል እያቀለጠ ነበር። የሁለቱም ሥራ ዛሬ በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ጉተንበርግ ያተመው መጽሐፍ ቅዱስ ከማተሚያው ሲወጣ መነሻ ፊደል፣ አርእስትና ሐረግ የለውም ማለት ይቻላል፤ ገዢው ወደ ሠዓሊ ወስዶ ያስጨርሰዋል። በጎቲንገን የተጠበቀ አንድ የሠዓሊ መመሪያ የቅጠል ሐረግ ከንድፍ እስከ መጨረሻው ጥላ ድረስ በየትኛው ቀለም እንደሚሣል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። እዚያው ጎቲንገን ያለው በብራና የታተመ የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ልክ በዚያ ንድፍ አሣሣል ተጊጧል።

ለእኛ አንባቢዎች ልዩ ትርጉም ያለው ታሪክም የሚገኘው በዚሁ የሽግግር ዘመን ነው። የኮሎኙ ቄስ ዮሐንስ ፖትከን ሮም ሳለ የኢትዮጵያ መነኮሳት በራሳቸው ቋንቋ ሲጸልዩ ሰምቶ ከእነርሱ ግዕዝ ተማረ። መምህሩ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ነበር። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። በ1518 ደግሞ በገዛ ከተማው በኮሎኝ ዕብራይስጡን፣ ግሪኩን፣ ላቲኑንና ግዕዙን ጎን ለጎን አድርጎ አወጣው። የጀርመን ሰው በገዛ አገሩ የእጅ ጽሑፍ ዘመን ሊያበቃ ሲል የእኛን ብራና ፊደል ወደ ማተሚያ ቤት አስገባ ማለት ነው።

ማብቂያውን ያፋጠነው የሃይማኖት ለውጡ ነው። ከ1520ዎቹ ጀምሮ የሉተርን ትምህርት የተቀበሉ ከተሞችና መሳፍንት ገዳማትን ዘጉ፣ ወይም አዲስ ሰው እንዳይቀበሉ ከለከሉ። የኑረምበርጉ ካታሪና ገዳም አዲስ እኅት እንዳይቀበል ተከልክሎ የቀሩት እኅቶች አንድ በአንድ እያረፉ በመቶ ዓመቱ ማብቂያ ጠፋ፤ መጻሕፍቱ ለከተማው ተረፉ። የሜዲንገን እኅቶች መስፍናቸውን ለሠላሳ ዓመት ያህል ተቋቁመው በ1554 ገደማ አዲሱን ሃይማኖት ተቀበሉ። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። ሜዲንገንና ቪንሃውዘን ከሌሎች አራት የአካባቢው ገዳማት ጋር ዛሬም የፕሮቴስታንት ሴቶች ማኅበር ይኖርባቸዋል። በካቶሊኩ ደቡብ ትልቁ ፍልሰት የመጣው በ1803 የባቫሪያ መንግሥት ገዳማትን ሲወርስ ነው፤ እጅግ ብዙ ጥራዞች ወደ ሙኒክ ተጋዙ። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ነጋዴዎች ሥዕሎቹን ከገጹ እየቆረጡ ለሰብሳቢ ሸጧቸው። በዚህ ምክንያት አንድ መጽሐፍ ዛሬ በሦስትና በአራት አገር ተበትኖ ሊገኝ ይችላል። ከሜዲንገን ብቻ ከ50 በላይ መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተለይተው ታውቀዋል።

የተበተነውን መሰብሰብ አሁን በከፊል ተችሏል። የሙኒኩ የባቫሪያ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት የፉርትማይርን የቅዳሴ መጽሐፍ ጨምሮ እጅግ ብዙ ጥራዞቹን ከገጽ እስከ ገጽ አንሥቶ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ከፍቷቸዋል፤ የሜዲንገን መጻሕፍትም አንድ በአንድ በዚህ መንገድ እየወጡ ነው። የሚያይ ሰው አንድ ነገር ልምከረው። የታወቀውን ሥዕል ብቻ ፈልጎ አይውጣ፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ገጾች ያገላብጥ። አውራ ጣት ያቆሸሸው ማዕዘን፣ የሻማ ሰም የተንጠባጠበበት መስመር፣ በሌላ እጅ ኅዳጉ ላይ የተጨመረ ጸሎት የሚገኘው እዚያ ነው፤ መጽሐፉን ያነበቡት ሰዎች የሚገኙትም እዚያው ነው።